ስድስት ቶን በአንድ ቀጭን ቱቦ

የጭነት መኪናዬን ሊያይ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጉልበቱ ነው። ጎማው ላይ እጁን ጫን አድርጎ "ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?" ይለኛል። ቢበዛ 140 ነው ስለው ቅር ይለዋል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያመላልስባት መኪና ከዚያ ትበልጣለች። እኔ ስለ ፍሬኑ ቢጠይቀኝ ነበር የምመርጠው። የዚህን መኪና ጠባይ የሚያሳየው እሱ ነው።

ከፋብሪካ የወጣው ፍሬን እንዲህ ይሠራል። ፔዳሉ ሲረገጥ ከጋቢናው ወለል በታች ያለች አንዲት ዋና ፖምፓ የፍሬን ዘይት ትገፋለች። ዘይቱ በታመቀ አየር ወደሚታገዝ ሌላ ሲሊንደር ይገባል፤ እዚያ ግፊቱ ብዙ እጥፍ ይሆንና ወደ ስድስቱም ታምቡሮች ይሄዳል። አየሩ ቢያልቅ ሾፌሩ በእግሩ ጡንቻ እየታገለ በጭንቅም ቢሆን ያቆመዋል። ዘይቱ ቢያልቅ ግን የሚያቆመው ነገር የለም፤ መስመሩ አንድ ብቻ ነውና። ከስድስቱ እግሮች የአንዱ ጎሚኒ ቢቀደድ፣ ወይም ከሻንሲ ወደ አክስል የምትወርደው የጎማ ቱቦ ብትፈነዳ፣ ፔዳሉ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስድስቱም እግር በአንድ ጊዜ ፍሬን አልባ ይሆናል። የአሜሪካ የቤት መኪኖች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍሬናቸው በሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ መስመር ቢሄድ ሌላው ይቀራል። ይህ መኪና ግን ባዶውን ወደ ስድስት ቶን እየመዘነ ነፍሱን ለአንድ ቀጭን ቱቦ አደራ ሰጥቷል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ከካምቢዮው ኋላ ባለው ዘንግ ላይ የተቀመጠ አንድ ታምቡር ብቻ ነው፤ የቆመውን መኪና ይዞ ለማቆየት እንጂ የሚሮጠውን ለማስቆም አልተሠራም።

እኔ በሙያዬ የናፍታ ሞተር መካኒክ ነኝ። ተግባረ ዕድ ተምሬ፣ እጄን ያፍታታሁት አዲስ አበባ፣ ያገለገለ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አጠገብ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ አውቶቡስ እጠግናለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራውን፣ ባለ ስድስት እግሩን ኤም-35 ኤ-2 የጦር ጭነት መኪናዬን አያለሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ባለቤቴ "ሁለተኛው ቤትህ" ትለዋለች፤ አነጋገሯ ምርቃት አይደለም።

አሜሪካኖች ይህን መኪና "ዱስ" ይሉታል፤ ሁለት ተኩል ቶን የሚጭን ለማለት ነው። ሁለት ተኩሉ በጭቃና በዱር ሲሄድ የሚፈቀድለት ጭነት ነው፤ አስፋልት ላይ እጥፉን ይሸከማል። ስሙን የወረሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጂኤምሲ ከሠራው ሲሲኬደብሊው ከሚባለው መኪና ነው። ያ መኪና ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በ1944 የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ላይ ካረፉ በኋላ፣ ባቡሩና ድልድዩ ፈርሶ ጦሩ ነዳጅና ጥይት ሲጠማው፣ "ሬድ ቦል ኤክስፕረስ" የተባለው የመኪና ሰንሰለት ቀን ከሌት ስንቅ አመላለሰ። ከሾፌሮቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በጊዜው ጦሩ በቀለም የተከፋፈለ ስለነበር አብዛኞቹን ወደ ውጊያ ክፍል አያስገባቸውም ነበር፤ ውጊያው ግን እነሱ በሚያደርሱት ነዳጅ ነበር የሚካሄደው።

ከጦርነቱ በኋላ ጦሩ አዲስ መኪና ሲፈልግ በሚሺጋን ግዛት፣ በላንሲንግ ከተማ የነበረው ሬዮ ኩባንያ የነደፈው ኤም-35 በ1950 አገልግሎት ጀመረ። ከዚያ ስቱድቤከር ሠራው፤ ስቱድቤከር ሳውዝ ቤንድ የነበረውን ፋብሪካ ሲዘጋ ካይዘር ጂፕ ተረከበ፤ ከካይዘር ወደ ኤኤም ጄኔራል ተሻገረ። ባለቤቶቹ ሲፈራረቁ መኪናው በመልኩ እምብዛም አልተለወጠም። በዚህ የተነሳ የ1950ዎቹን በርና የ1980ዎቹን ኮፈን በአንድ መኪና ላይ ገጥሞ የሚነዳ ሰው አገኛለሁ፤ ካልነገረኝ አላውቅበትም።

የእኛም አገር ሰው ለዚህ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲሰለፍ የሚጓጓዘው በአሜሪካ ጦር መኪና ነበር። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1953 የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላም እስከ 1977 ድረስ ጦራችን በአብዛኛው በአሜሪካ ዕቃ ነበር የሚታጠቀው። ከዚያ ሶቪየቶች መጡ፤ ኦራልና ዚል የተባሉት የጭነት መኪኖቻቸውም መጡ። ወደ ኦራሉ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ግዢው ልምጣ። የአሜሪካ ጦር ያረጀበትን መኪና በጨረታ ይሸጣል፤ ዛሬ ጨረታው በኢንተርኔት ነው። ዋጋው እንደ ወቅቱና እንደ መኪናው ይለያያል፣ ግን ደህና የሆነ ያገለገለ የቤት መኪና ከሚያወጣው በታች የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ያሸነፈው ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ባለ ቁጥር 97 የተባለውን የመንግሥት ቅጽ ይቀበላል፤ በዚያ ቅጽ ነው ወደ ግዛቱ መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ የባለቤትነት ደብተር የሚያወጣው። ይህን ወረቀት ሳያዩ ከግለሰብ የገዙ ሰዎች መኪናቸው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሣር በቅሎበታል። ግዛቶቹ አንድ ዓይነት ሕግ የላቸውም። አንዱ 25 ዓመት ስለሞላው የጥንት መኪና ታርጋ ሰጥቶ በሰላም ይሸኛል፤ ሌላው "የጦር መኪና ለመንገድ አልተሠራም" ብሎ የሰጠውን ደብተር መልሶ ይነጥቃል። መንጃ ፈቃድን በተመለከተ ግን ዱስ ዕድለኛ ነው። ሙሉ ጭነቱን ይዞም ከ26 ሺህ ፓውንድ ስለማያልፍ ለግል ጉዳይ በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። አምስት ቶን የሚጭኑት ታላላቆቹ ይህን መስመር ስለሚሻገሩ ጣጣቸው ብዙ ነው።

የኢንሹራንሱ ነገር አስቂኝ ነበር። አንድ ኩባንያ በስልክ መረጃ ሲሞላ ስለ ስርቆት መከላከያው ጠየቀኝ። ቁልፍ እንደሌለው ነገርኳቸው።

"ቁልፉ ጠፍቶብዎት ነው?"

"አይ፣ ሲሠራም ቁልፍ የለውም። ማብሪያውን ማዞር፣ ሞተሪኖውን መጫን ብቻ ነው።"

ሴትዮዋ ትንሽ ዝም ብላ "ቆይ አለቃዬን ላገናኝዎት" አለችኝ። አለቃዋ ደግሞ ጨርሶ አልፈልግም አለ። ጦር ሜዳ ላይ ቁልፍ የያዘው ሾፌር ቢመታ መኪናው መቅረት የለበትም፤ ቁልፍ ያልተሠራለት ለዚህ ነው። ይህን ግን ለኢንሹራንስ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። በኋላ የቆዩ መኪኖችን ብቻ የሚያስተናግድ ሌላ ኩባንያ ተቀበለኝ። እኔ ግን መሪውን በወፍራም ሰንሰለት አስራለሁ።

ወደ ሞተሩ እንግባ። ኮፈኑን ሲከፍቱት ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የቆሙበት፣ 7.8 ሊትር የሆነ፣ ከአንገት እስከ ወገብ የሚደርስ ብረት ይታያል። የዚህ ሞተር ልዩነቱ የተለያየ ነዳጅ ማቃጠሉ ነው። መነሻው ሲግፍሪድ ሞይረር የተባለ መሐንዲስ በጀርመኑ ማን ኩባንያ የፈጠረው ዘዴ ነው፤ ኮንቲኔንታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለጦሩ አሳደገው። በተራ ናፍታ ሞተር ነዳጁ የጋለው አየር መሃል ይረጫል። እዚህ ግን የፒስተኑ አናት እንደ ሉል ተቦርቡሮ፣ ነዳጁ በዚያ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ስስ ሆኖ ይቀባል። ከጋለው ብረት ላይ ቀስ እያለ እየተነነ ስለሚቃጠል ድንገት አይፈነዳም። አየሩ 22 ጊዜ ስለሚታመቅ ሙቀቱ ከፍተኛ ነው፤ ናፍታውንም፣ ላምባውንም፣ የአውሮፕላን ነዳጁንም ያነድዳል። የጨነቀ ለታ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን እንኳ ይቀበላል። ጦሩ የፈለገውም ይህንኑ ነበር፤ ነዳጅ ያለቀበት ሾፌር ያገኘውን ቀድቶ እንዲሄድ።

ከዚህ የተነሳ ብዙ ባለቤቶች ከጋራዥ የሚለቅሙትን የተቃጠለ ዘይት እያጣሩ ከናፍታ ጋር ቀላቅለው ይነዱበታል። ሰልባትዮው 50 ጋሎን ይይዛል፤ መኪናው በአንድ ጋሎን ሄደ ቢባል 10 ማይል ገደማ ነው። ስለዚህ ነፃ ነዳጅ ማጓጓቱ አይገርመኝም። እኔ አላደርገውም። አጣራሁት ባዩ ሁሉ ፊልትሮው ያስቀረውን እንጂ ያሳለፈውን አያይም። የኢንጀክተሩን አፍ ከሰል ሲበላው ነዳጁ በስስ መቀባቱ ቀርቶ መንጠባጠብ ይጀምራል። ሞተሩ ቻለው ማለት ተስማማው ማለት አይደለም።

አነሳሱን ላሳያችሁ። ካምቢዮው ዜሮ ላይ መሆኑ ይታያል። ማብሪያዋ ትገለበጣለች፤ የነዳጅ ፖምፓዋ ከሰልባትዮው ውስጥ ስታጉረመርም ትሰማለች። ብርድ ከሆነ ሌላ ማብሪያ አለ፤ እሷ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ትንሽ ነበልባል አንድዳ ሞተሩ ሞቅ ያለ አየር እንዲስብ ታደርጋለች። ከዚያ ሞተሪኖው ይጫናል። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት ስለሚሰጡ ሞተሪኖው አይለምንም፤ ይወረውረዋል። ነጭ ጭስ፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ ቀጥሎ ጥራት። አሁን ግን መሄድ የለም። የአየር መለኪያው 60 ፓውንድ እስኪያልፍ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፤ ያ ጩኸት ሳይቆም እግሩን ከፍሪሲዮን ያነሳ ሰው ይህን መኪና ባይነዳ ይሻለዋል። ማጥፋቱም በማብሪያዋ አይደለም። ከዳሽቦርዱ የወጣች ሽቦ ተስባ ነዳጁ ይቆረጣል፤ የኤሌክትሪኩ ማብሪያ ቢዘጋም ሞተሩ ግድ የለውም፣ መሄዱን ይቀጥላል።

ቱርቦው ደግሞ ያፏጫል። ሞተሩ ላይ የተጨመረው በዋናነት ጭሱን ለመቀነስ ነው፤ ያመጣው ጉልበት ጥቂት ነው። ከቱርቦዎቹ አንደኛው ዓይነት እንደ ጄት ያለ ቀጭን ፉጨት ስላለው ለዚያ ድምፅ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍሉ አሉ። አልፈርድም፤ የእኔም የሚያፏጨው ነው።

አሁን ወደ ማሻሻያው መጣን፤ የምከራከረውም እዚህ ላይ ነው። ይህ መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዱ ካንዱ ተመጣጥኖ የተሠራ ነው። ሞተሩ ደካማ የሆነው አክስሉን እንዳይሰብር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 55 ማይል አካባቢ የሚያልቀው ፍሬኑ ከዚያ በላይ ስለማይችል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዱን ክፍል ባበረታችሁ ቁጥር ስብራቱ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራል።

በብዛት ከማየው ልነሳ። ከፋብሪካ የሚመጣው ጎማ ጠባብ ነው፤ ከኋላ በሁለት አክስል ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስምንት፣ ከፊት ሁለት። ሰዎች ይህን አውልቀው በየእግሩ አንድ አንድ ግዙፍ ጎማ ያስገባሉ። መልኩ ያምራል፤ ጭቃም ላይ ጥንዱ ጎማ መሃሉ ድንጋይ እንደሚቀረቅረው አይቀረቅርም። ግን ጎማው ሲረዝም መኪናው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ይጨምራል። አውራ ጎዳና ላይ ደስ ይላል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ያቃስታል። ሲያቃስት ባለቤቱ መፍቻ ይዞ የነዳጅ ፖምፓውን ብሎን ያጠብቃል፤ ነዳጅ ሲበዛ ጉልበት ይመጣል፣ ሙቀትም ይመጣል። የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ካልገጠመ የሲሊንደር ራስ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ነው የሚያውቀው። ይህ ሞተር በደቂቃ ከ2600 ዙር በላይ ማለፍ የለበትም፤ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አስገብቶ ሲያስጮኸው የፒስተኑ ዘንግ ብሎኩን በስቶ የወጣበት ሰው አውቃለሁ። መሪው ደግሞ ሃይድሮሊክ የለውም፤ ሰፊው ጎማ ከፊት ሲገባ ቆሞ መጠምዘዝ የማይታሰብ ይሆናል። ስለዚህ የሃይድሮሊክ መሪ ይገጠማል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ታምቡሮቹ የዱሮዎቹ ናቸው፤ እንዲያውም ጎማው ስለረዘመ ያው ፍሬን መሬት ላይ የሚያሳርፈው የመያዝ ኃይል ቀንሷል። ሰውዬው ፈጣን፣ ቀላል መሪ ያለው፣ ግን ከበፊቱ ይልቅ ለመቆም የሚቸገር መኪና ሠራ ማለት ነው።

ሌላው ፋሽን መቁረጥ ነው። ከኋላ ካሉት ሁለት አክስሎች አንዱ ይወጣል፣ ሻንሲው ያጥራል፣ ካሶኒው ያንሳል፣ ባለ ስድስት እግሩ ባለ አራት እግር ይሆናል። ይህን እንኳ አልጠላውም። መታጠፊያው ጠባብ ይሆናል፣ ክብደቱ ይቀላል፣ ከተማ ውስጥ ማቆሚያ ይገኝለታል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሻንሲውን መሃል ላይ ቆርጦ አይበይድም፤ አክስሉን ከነባሌስትራው ወደፊት አምጥቶ በብሎን ያስረውና ከኋላ የተረፈውን ጅራት ብቻ ይቆርጣል። መሃሉ ላይ የተበየደ ሻንሲ ካያችሁ ጎንበስ ብላችሁ ማየታችሁን አቁሙና ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ከዚህ መኪና የሚወጡት አክስሎችም ፈላጊ አላቸው። ሮክዌል የሠራቸው ስለሆኑ በስሙ ይጠራሉ፤ የጭቃ ውድድር ልጆች ይሻሟቸዋል። በዓለም የታወቀው "ቢግፉት" የተባለው ግዙፍ ጎማ ያለው የትርዒት መኪናም የቆመው ከጦር መኪና በወጡ አክስሎች ላይ ነው።

ማሻሻልን ከሥሩ እቃወማለሁ ማለቴ አይደለም። ከሁሉ የበለጠውን ማሻሻያ የሠሩት ወታደሮች ራሳቸው ናቸው። ቬትናም ውስጥ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1967 በ19 ቁጥር መንገድ ላይ የ8ኛው ትራንስፖርት ግሩፕ የመኪና ሰልፍ አድፍጠው በነበሩ ተዋጊዎች ተመታ። ከዚያ በኋላ ሾፌሮቹ ኤም-35ን በአሸዋ ጆንያ፣ ቀጥሎም በብረት ሰሌዳ አጥረው መትረየስ ጫኑበትና አጃቢ አደረጉት። ግን ብረቱ ሲከብድ ዱስ ሰልፉን መከተል አቃተው። ምን አደረጉ? ፖምፓ አላጠበቁም። ብረቱን ወደ አምስት ቶኑ መኪና አዛወሩት። ከነዚያ መኪኖች "ኢቭ ኦፍ ዲስትራክሽን" የተባለው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፎርት ዩስቲስ በሚገኘው የጦሩ የትራንስፖርት ሙዚየም ቆሟል። ጎኑ ላይ ያለውን ብየዳ ተጠግታችሁ እዩት፤ ቁንጅና የለውም፣ ግን ሸክሙን የሚችል መኪና ላይ ነው የተበየደው።

ጥገናው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዘመኑ መኪና ይቀላል። ኮምፒዩተር የለም። ጦሩ ለ19 ዓመት ልጅ በሥዕል አድርጎ የጻፋቸው የጥገና መጻሕፍት አሉ፤ አንደኛው ለሾፌሩ፣ ሌላው ለክፍሉ መካኒክ፣ ሌላው ለትልቁ ጋራዥ። ከነዚህ በተጨማሪ ጦሩ ከ1951 ጀምሮ የጥገና ምክር በካርቱን የሚያስተምር ወርኃዊ መጽሔት ያሳትም ነበር፤ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ዋና ሠዓሊው ዊል አይስነር የተባለው ታዋቂ የካርቱን ሰው ነው። ቅባት ያልነካው ኩሽኔታ አልቅሶ፣ ቸል የተባለ ሞተር ተቆጥቶ ይሣላል። ወታደሩ እየሳቀ ይማር ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

መለዋወጫ አይጠፋም። ሶማሌ ተራ የለመደ ሰው እዚህም አይቸገርም፤ ልዩነቱ ዕቃው አዲስ መሆኑ ነው። ጦሩ ያከማቸው መለዋወጫ በቡናማ ሰም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ቅባት ተለቅልቆ ይመጣል። በላዩ የታተመውን የዕቃ ቁጥር እቆጥራለሁ፤ 11 አሃዝ ከሆነ ከ1974 በፊት የታሸገ ነው፣ 13 ከሆነ ከዚያ ወዲህ። የብረት ዕቃ ከሆነ እድሜው አያሳስበኝም። ማርሹን፣ ኩሽኔታውን፣ ዘንጉን ፈትቼ ቅባቱን በናፍታ አጥቤ እገጥመዋለሁ። ጎማነት ካለው ግን፣ ቱቦም ይሁን ጎሚኒ፣ ወረቀቱ ሳይቀደድ ቢመጣም አልነካውም። ጎማ መጋዘን ውስጥ ተኝቶም ያረጃል። "አዲስ ነው፣ ከነማሸጊያው" ብለው የሚሸጡት ሰዎች አይዋሹም፤ አዲስ ነው፣ ግን የእኔ እኩያ ነው።

የፍሬን ዘይቱ ሌላ ጣጣ አለው። ጦሩ በ1980ዎቹ ወደ ሲሊኮን ዘይት ተዛወረ፤ ቀለሙ ሐምራዊ ነው፣ ውኃ አይስብም፣ ለዓመታት ቆሞ ለሚውል መኪና ይመቻል። የቀድሞው ባለቤት ግን ከሱቅ የገዛውን ተራ ዘይት በላዩ ጨምሮበት ከሆነ ሁለቱ አይዋሃዱም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ አተላ የመሰለ ነገር ይዘቅጣል። እኔ ሁሉንም ቱቦና ሲሊንደር ለወጥኩ፣ መስመሩን አጠብኩ፣ ዋናዋንም ፖምፓ ፊትና ኋላ ለሁለት በምትከፍል ቀየርኳት። ከመኪናው ዋጋ አንጻር ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ሰዎች ግን ከእሱ በፊት ቀለምና መብራት ይገዛሉ። የ24 ቮልቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሬዲዮ የሚፈልግ ሰው ከአንዷ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ይጠልፋል፤ አንዷ ስትራብ ሌላዋ ከመጠን በላይ ትሞላና ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። መቀነሻ መግጠም ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለሌላ ሰው እተዋለሁ። ቸርኬው ባለ ቀለበት ነው፤ ጎማውን የሚይዘው ከጎን የሚገባ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ተወንጭፎ ሰው ይገድላል። የብረት ቀፎ ያለው የጭነት መኪና ጎማ ቤት አለ፤ እነሱ ይሙሉት።

ኦራሉን ነግሬያችሁ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የበዓል ድንኳን ሳደርስ የቀድሞ ሠራዊት ሾፌር የነበሩ አባት መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩት።

"ይሄ የአሜሪካው ነው አይደል?"

"አዎ ጋሼ። እርስዎ ምን ነበር የሚነዱት?"

"ኦራል ነዋ፣ ባለ ቤንዚኑን። እስቲ ይሄ ጎማ ከውስጥ ሆኖ ይነፋል?"

"ይሄኛው አይነፋም።"

"እና አሸዋ ላይ ወርደህ ነው የምታስተነፍሰው? በጥይት መሃል?" ሳቁብኝ። "እኔ ኦጋዴን አሸዋው ሲይዘኝ ከጋቢና ሳልወርድ አስተነፍስና፣ ስወጣ እዛው እነፋው ነበር። ቤንዚኑን ግን ልጄ፣ እንደ ውኃ ነበር የሚጠጣው።"

እውነታቸውን ነው። ባለ ቤንዚኑ ኦራል 375 ስምንት ሲሊንደር፣ 7 ሊትር፣ 180 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ጥማቱም የታወቀ ነው። የጎማውን አየር ከጋቢና መቆጣጠር ግን አሜሪካኖች ለዱስ የሰጡት በ1990ዎቹ ኤም-35 ኤ-3 ብለው ሲያድሱት ነው፤ ያኔ ካተርፒላር ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮም ገባለት። እኚህ አባት ጋቢናው ውስጥ ገብተው ፍሪሲዮኑን አንዴ ረገጡና "ይሄስ ጤነኛ ነው" ብለው ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ዘይት ስቀይር ይመጣሉ፤ ወንበር ይዘው ቁጭ ብለው ያዝዙኛል።

ማቆሚያ ቦታ የሁሉም ባለቤት ራስ ምታት ነው። ስፋቱ ወደ 2 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ ሸራው ሲለብስ ከፍታው ከተራ ጋራዥ በር ያልፋል። የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር በወረቀት አስጠንቅቆኝ አስወጣኝ። አሁን ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው የሚቆመው። ገበሬው ገንዘብ አይቀበልም፤ በፀደይ የወደቁ ዛፎችን ጉቶ ሲያስነቅል እኔን ከነመኪናው ይጠራኛል። ከፊት ያለው መጎተቻ ዊንች ለዚህ ይበቃል፣ ስድስቱም እግር ሲይዝ ደግሞ ጉቶው ነው የሚለቀው። ባለፈው ጊዜ ሦስት ነቅለን አራተኛው እምቢ አለን፤ ለእሱ በሚቀጥለው ቅዳሜ ረዘም ያለ ሰንሰለት ይዤ እሄዳለሁ።